ሁለት ጊዜ በቀን

ከድልድዩ እግር ስር፣ ቁጥር ተጽፎበት፣
ቦርከና በጎኑ የሚታከክበት
አንድ የብረት ዘንግ አለ፣
አባቴ ይማም አረቡ ሠላሳ አንድ ክረምት
ጧት ማታ እየወረደ ውሃ ያነበበበት።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጀንበር ብቅ ስትል፣
አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጀንበር ዝቅ ስትል፣
እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ደብተሩ በብብቱ፣
ውሃም እንደ ልጅ ነው፣ ይለካል ቁመቱ።

አሮጌውን ደብተር ገልጬ ሳነበው
ወንዙ ያኔ ጨዋ፣ ቀጠሮ አክባሪ ነው።
ጋራው ላይ ዘነበ፣ አስር ተሰገደ፤
ሱብሂ ሲሰገድ ነው ሙላቱ የወረደ።
በመሐል ያለውን ሌሊቱን በሙሉ
ዝናቡ እንግዳ ነው፣ ወይራ ባለበት ሁሉ፤
ቅጠል ይቀበላል፣ ሥር ያሳድረዋል፣
አፈር ቀስ አድርጎ ጧት ያሰናብተዋል።
ደግሞ ግንቦት ሲነድ፣ መስኩ ሲሰነጠቅ፣
የዚያ እንግዳ ስንቅ፣ ቋጥኝ ስር የሚደበቅ፣
ጠብ እያለ ወርዶ፣
ዘንጉ ላይ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ።
"ቀጭን ነው" ይል ነበር፣ "ግን አንድም ቀን አልዋሸኝ።"

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ የደን ጠባቂው ጠመንጃውን ሸጦ ሄደ።
መጥረቢያ ገባ፤ መጀመሪያ በጨረቃ፣ ቀጥሎ በጠራራ፣
በመጨረሻ በስብሰባ፣ በእጣ፣ በማኅተም።
ጋራው ማሽላ ሆነ። ታች ኮምቦልቻ ቆርቆሮዋን ዘረጋች፣
አስፋልቷን አነጠፈች፤
ዝናብ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት መሬት አጣ።
አባቴም ደረሰው። እጣ ቁጥር ዘጠኝ።
ወይራውን ቆርጧል። አይክድም፣ እኔም አልክድለትም፤
ሰባተኛ ክፍል የገባሁበት ጫማ
ከዚያ ከሰል ነው።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት ላይ ደብተሩ ዜሮ ነው።
ዜሮ። ዜሮ። ከዜሮው ጎን ፊርማ።
ባዶ ወንዝ ለማንበብ በቀን ሁለቴ ይወርዳል።
ክረምት ላይ ደግሞ ጧት አርባ፣ ማታ አርባ አምስት፤
በመሐል ምን እንዳለፈ ደብተሩ አያውቅም። እኛ እናውቃለን፤
የጦይባ ሁለት ፍየሎች፣ የሼህ ኑርዬ አልጋ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ ቀይ፣ የሚፈስ ማሳ።
በሁለት ንባብ መሐል መጥቶ ለሚሄድ
ቅጹ ላይ መስመር አልተሰመረለትም።

ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ
ባትሪውን ይዞ ወረደ። እናቴ ከኋላው ጮኸች።
ወንዙ ድንጋይ ያፋጫል።
ዘንጉ አራት ሜትር ነበር። ዘንጉ የለም።
ተመልሶ ከምድጃው ከሰል አነሳ፣
ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ውሃው ከነካው ጫፍ፣
አንድ ጥቁር መስመር አሰመረ፤ ቀኑን ጻፈበት፣ ፈረመ።
ከሰሉ ከየት እንደመጣ ሁለታችንም አልተናገርንም።

በኋላ ከደሴ አንዲት ባለሙያ መጣች።
"ከዘነበ እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለችው።
ሙስበሃውን በጣቱ እያዞረ፣
"ድሮ ከአስር እስከ ሱብሂ። አሁን
ሁለት ረከዓ ጀምሬ ሳላሰላምት ይደርሳል።"
ጻፈች። በምን ቁጥር እንደጻፈችው እንጃ።

እጣ ቁጥር ዘጠኝን ማንም ሳይጠይቀው ለጋራው መለሰ።
እርከን ሰራ፣ ከብት ከለከለ፣
ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ዙሪያውን እሾህ አጠረ።
"ይማም ለዝናብ ቤት ይሰራል" ብለው ሳቁበት።
አንድ ጥማድ መሬት ወንዝ እንደማይመልስ
ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሲለካ ነው የኖረው።
ግን ከማሳው ስር ካለችው ቦረቦር
ቢላ ያስቆጠረበት የወይራ ዘንግ ተክሏል፣
አዲስ ደብተርም ገዝቷል።

ትናንት ዘነበ፣ አስር ላይ፣ ጋራው እስኪያጉረመርም።
ሰገደ። አሰላመተ። ዱዓውን አስረዘመ። እራቱን በላ።
"ሂጂና እይልኝ" አለኝ፤ ጉልበቱ አይወርድም ዘንድሮ።
ባትሪውን ይዤ ወረድኩ።
ጠጠሩ ደረቅ ነው፤ ዘንጉ እግሩ ደረቅ ነው፤
ከላይ ብቻ፣ ከቅጠሉ መሐል፣
ሰው ቀስ ብሎ የሚያወራ የሚመስል ነገር።

"ገና ነው" አልኩት ስመለስ።
"ገና?"
"ገና።"
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣
ቁጥር በሚጻፍበት ዓምድ ላይ
በፊደል ጻፈው።